የሠርግ ካርዱ አማርኛ ምን በደለ?

ጥር ሲመጣ እኛ ጎንደር ያለን ካርድ ሠሪዎች እንቅልፍ የለንም። የሚያንገበግበኝ ግን ሥራው አይደለም፤ ፊደሉ ነው። ደንበኛው ስልኩን አውጥቶ የፈረንጅ ካርድ ያሳየኛል። በእጅ የተጻፈ የሚመስል፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ ጭራው የሚጠማዘዝ ስም። «ልክ እንደዚህ፣ ግን በአማርኛ» ይለኛል። ከየት ላምጣለት? ፎንቱ ያለው የላቲን ፊደል ብቻ ነው። አማርኛ ስጽፍበት ኮምፒውተሩ ዝም ብሎ ኒያላ በሚባለው ተራ የአማርኛ ፎንት ይተካዋል።

በነፃ የሚወርዱ የአማርኛ የእጅ ጽሑፍ ፎንቶች አሉ። ሀ፣ ለ፣ መ ላይ ያምራሉ። እስቲ «ቋራ» ብላችሁ ጻፉ። በቋ ቦታ ባዶ ሳጥን! የሙሽራዋ አባት አገር እኮ ነው! ሥራው ከባድ እንደሆነ ይገባኛል። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፤ እንደ ቋ ያሉት ዲቃሎች፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ገና አልተቆጠሩም። ግን ግማሹን ስሎ «ጨርሻለሁ» ማለት ምን የሚሉት ነው?

ኢታሊክ ተጭነው ፊደሉን የሚያዘምሙት ደግሞ ያናድዱኛል። ያ የእጅ ጽሑፍ አይደለም። በመቃ ብዕር ሲጻፍ ቁም መስመሩ ይወፍራል፣ ማያያዣው ይቀጥናል። ውበቱ እዚያ ላይ ነው። ማዝመም ይህን አያመጣውም።

ይህ ሁሉ ደግሞ በጎንደር! በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጉልህ የሚባለው የብራና አጻጻፍ የደመቀበት ከተማ። የቁም ጽሕፈት የሚያውቁ ሰዎች ዛሬም አሉ። አንድ ሰው አጠገባቸው ተቀምጦ ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ ይሳልልን። ከፍዬ እገዛለሁ። ቋ ግን ትኑርበት።