ከጠበቃ ጋር ማኪያቶ የጠጡት ዳኛ

ድሬዳዋ ከዚራ፣ ፀሐይ ከበረደች በኋላ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን ስንጫወት፣ ታይዋን ገበያ ሱቅ ያለው አንድ ወዳጃችን የንብረት ክርክሩን የያዙትን ዳኛ ከተቃራኒው ወገን ጠበቃ ጋር ማኪያቶ ሲጠጡ ማየቱን ነገረን። ጠረጴዛው አንድ፣ ወንበሩ ሁለት፣ ሌላ ሰው አልነበረም አለ። «ለጊዜው ዝም ብዬ ፍርዱን ልየው፤ ከተረታሁ ያን ጊዜ አነሳዋለሁ» ሲልም ጨመረ።

ከዳኝነት በጡረታ የተገለሉት ጋሼ አልተዋጠላቸውም። «ልጄ፣ በዚህ ከተማ ዳኛና ጠበቃ የማይገናኙበት እድር የለም፤ በትውውቅ ብቻ ዳኛ ይነሣ ከተባለ ችሎት የሚቀመጥ አይገኝም፤ ተከራካሪውም የማይወደውን ዳኛ በአቤቱታ እያስነሣ የሚመቸውን ወደ መምረጥ ይሄዳል» አሉ።

«ጋሼ፣ ለቅሶ ቤት እኮ ሰፈሩ ሁሉ ያያል፤ እነዚህ ግን ለብቻቸው ነው የተቀመጡት» ስትል ጠበቃ የሆነች እህታችን መለሰች። በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 የተተካው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 25/1988 በአንቀጽ 27 ዳኛን ከችሎት ከሚያስነሡ ምክንያቶች መካከል ዝምድናን፣ ቀድሞ ለተከራካሪው ጠበቃ መሆንን እና ጉዳዩን አስቀድሞ በዳኝነት ማየትን የመሳሰሉትን ከዘረዘረ በኋላ፣ ፍትሕ ሊዛባ ይችላል ለሚያሰኝ ሌላ በቂ ምክንያትም በሩን ክፍት መተዉን አስታወሰችን። ቀጥላም እ.ኤ.አ. በ2021 የአውስትራሊያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የወሰነውን ጠቀሰች፦ በባልና ሚስት የንብረት ክርክር፣ ዳኛው ጉዳዩ በእጃቸው ሳለ ከሚስቲቱ ጠበቃ ጋር ለቡና ወይም ለመጠጥ ይገናኙ፣ ይደዋወሉና መልእክት ይለዋወጡ ነበር፤ ስለ ክርክሩ ፍሬ ነገር አልተነጋገርንም ቢባልም፣ ለባል ወገን ሳይገለጥ በመቆየቱ ፍርዱ ተሻረ። መለኪያው ዳኛው በእርግጥ ማድላታቸው ሳይሆን፣ ነገሩን የሚያውቅ ሚዛናዊ ተመልካች ሊያደሉ ይችላሉ ብሎ በምክንያት መሥጋቱ ነው።

ጋሼ ይህንንም በዋዛ አላለፉትም፤ ያ ወደ ሁለት ዓመት የተጠጋ ስውር ግንኙነት ነው፣ ወዳጃችን ያየው ግን አንዲት ማኪያቶ ናት አሉ።

እኔ መለኪያውን ከጠበቃዋ፣ መጠኑን ከጋሼ እወስዳለሁ። አንድ ጊዜ አብሮ መቀመጥ ብቻውን ዳኛን ከችሎት አያስነሣም፤ ነገር ግን ዳኛው በቀጣዩ ቀጠሮ፣ ሁለቱም ወገኖች ባሉበት፣ ለምን እንደተገናኙ ራሳቸው ገልጸው መዝገቡ ላይ ማስፈር ይገባቸዋል። ተጠይቀው ዝም ካሉ፣ ወይም ግንኙነቱ ከቀጠለ፣ ቢነሡ ይሻላል፤ ምክንያቱም ያን ጊዜ የሚያሠጋው ትውውቁ ሳይሆን መሸሸጉ ይሆናል። ወዳጃችንን በተመለከተ ግን ከሁለቱም ይልቅ እኔ እከፋበታለሁ፦ የዳኛ ይነሣልኝ አቤቱታ ምክንያቱ እንደታወቀ ወዲያውኑ የሚቀርብ ነው፤ ከረታ የሚቀበለውን፣ ከተረታ የሚከሰውን ዳኛ በኪሱ ይዞ መቆየት አይችልም። ነገ ጠዋት ጽፎ ያስገባ።