ነጩ በረዶ፣ ግራጫው ፎቶ

በብርዱ ወራት ከውጭ ወደ ሀገር ቤት የሚላኩትን የበረዶ ፎቶዎች ልብ ብሎ ላየ፣ አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ሕመም አለባቸው። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ፀሐይም ወጥታለች፤ በረዶው ግን አመድ መስሏል፣ መሐሉ ላይ የቆመው ሰው ፊት ደግሞ ጠቁሮ ዓይኑ ከአፍንጫው አይለይም። ላኪው ካሜራውን ይወቅሳል። ተቀባዩ በበኩሉ «ፀሐይም ወጥታ አገሩ ጨለማ ነው» ብሎ ያዝናል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ካሜራው የተሠራበትን ሥራ ነው የሠራው፤ ቦታውም በዚያ ሰዓት ከየትኛውም የቀትር ሜዳ በላይ ዓይን የሚያጥበረብር ነበር። ጥፋቱ ያለው ከሀገር ቤት ይዘነው በመጣነው የብርሃን ልማድ ላይ ነው።

የካሜራ የብርሃን መለኪያ ፊቱ ያለው ነገር ነጭ ይሁን ጥቁር አያውቅም። የሚያየው ሁሉ ከወደቀበት ብርሃን 18 በመቶ ገደማውን የሚመልስ መካከለኛ ግራጫ ይመስለዋል። ሀገር ቤት ይህ ግምት ብዙም አያሳፍረውም፤ ቀይ አፈር፣ ሣር፣ የድንጋይ ግንብና ቅጠል ሲደባለቁ ከዚያ ቁጥር እምብዛም አይርቁም። ካሜራውን አውቶማቲክ ላይ ትቶ ዓመታት መዝለቅ ይቻላል። አዲስ የወረደ በረዶ ግን ከወደቀበት ብርሃን ከ80 እስከ 90 በመቶውን መልሶ ይረጨዋል። መለኪያው ይህን ሲያይ «ብርሃን በዛ» ብሎ ይቀንሳል፤ ነጩም ወደ ግራጫ ይወርዳል። በ18 እና በ90 መካከል ያለው አምስት እጥፍ ነው፤ በፎቶ አንሺ ስሌት ከሁለት ስቶፕ ትንሽ ያልፋል። አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ወይም በግማሽ መቀነስ ነው።

ስለዚህ በረዶ ላይ ፀሐይ በበረታች ቁጥር መደመር እንጂ መቀነስ አያዋጣም። ፀሐይ ሲከር መቀነስን የለመደ እጅ ይህን ለመቀበል ጊዜ ይወስድበታል። ካሜራው ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ተጭኖ፣ ክፈፉን በሙሉ በረዶ ከሞላው ከ1 2/3 እስከ 2 ስቶፕ መደመር፤ ግማሹ ሰማይና ጥድ ከሆነ ከ2/3 እስከ 1 ይበቃል። ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር ደን ከበዛበት ደግሞ ምንም አለመጨመር ነው፤ እዚያ መለኪያው በተቃራኒው ሊሳሳትና በረዶውን ሊያቃጥለው፣ ማለትም ዝርዝር የሌለው ባዶ ነጭ ሊያደርገው ይችላል። አሜሪካውያኑ ፎቶ አንሺዎች አንሰል አዳምስና ፍሬድ አርቸር እ.ኤ.አ. በ1940 ገደማ የብርሃን እርከኖችን ከዜሮ እስከ አስር ቆጥረው ባወጡት ዘዴ፣ መካከለኛው ግራጫ አምስተኛው ላይ ሲሆን ገጹ የሚታይ በረዶ ሰባተኛውና ስምንተኛው ላይ ይቀመጣል። ሁለት ወይም ሦስት ስቶፕ መደመር ማለት ነው። ለዲጂታል ካሜራ ሦስቱ ብዙ ጊዜ አደገኛ ነው፤ በሁለቱ መቆም ይሻላል።

በስልክ ለሚያነሳም ሕጉ ያው ነው። በረዶውን በጣት ነክቶ መያዝ፣ ትኩረቱና ብርሃኑ ሲቆለፍ ጣትን ወደ ላይ እየሳቡ ማድመቅ። ፊትን ከነኩ በረዶው ይጠፋል፣ በረዶውን ነክተው ካላደመቁ ፊቱ ይጠፋል።

የተጨመረው ልክ መሆኑን የሚናገረው ሂስቶግራሙ፣ ማለትም የምስሉን ብርሃን ከግራ (ጥቁር) ወደ ቀኝ (ነጭ) ደርድሮ የሚያሳየው ግራፍ ነው፤ ስክሪኑ አይታመንም። በበረዶ ነጸብራቅ ውስጥ የካሜራ ስክሪን ሁልጊዜ የጨለመ ይመስላል፤ ሰውም ይህን አይቶ ደጋግሞ ይጨምርና ቤት ሲገባ በረዶው ባዶ ነጭ ሆኖ ያገኘዋል። ፖላራይዝድ መነጽር ያደረገ ሰው ጭራሽ ስክሪኑ ጥቁር ሊሆንበት ይችላል፤ ካሜራውን ወደ ጎን ሲያዞረው ተመልሶ ይታያል። ሂስቶግራሙ ላይ የበረዶው ጉብታ ወደ ቀኝ ተጠግቶ፣ ግድግዳውን ሳይነካ መቆም አለበት። የሚያብለጨልጩ ቅንጣቶች ብቻ የተቃጠለ ቦታን የሚጠቁመውን የካሜራውን የማስጠንቀቂያ ምልክት ቢያሳዩ ግድ የለም፤ ሰፊ ሜዳ ካሳየ ግን በ1/3 ስቶፕ እየቀነሱ መድገም ነው። ራው ፋይል (ካሜራው ያላቀናበረው ጥሬ ምስል) ላይ የሚያነሳ ትንሽ መተንፈሻ አለው፤ ጄፔግ (ተቀናብሮና ተጨምቆ የተቀመጠ ምስል) ላይ የተቃጠለ ነጭ ተመልሶ አይመጣም።

የፊልም ዘመን ፎቶ አንሺዎች ሌላ ሕግ ነበራቸው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ግራ ይጋባል። በጠራ ፀሐይ የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 16 ላይ (ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ቀዳዳው ይጠባል)፣ የሸተሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ፣ ፍጥነት ደግሞ የአይኤስኦው (ፊልሙ ወይም ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) ቁጥር ግልባጭ ላይ ማድረግ፤ አይኤስኦ 100 ከሆነ 1/100 ሰከንድ። በረዶ ወይም ነጭ አሸዋ ላይ ግን ኤፍ 22 ይላሉ። አንዱ ጨምር፣ ሌላው ቀንስ የሚል ይመስላል። አይጋጩም፤ ስሌታቸው የሚነሳበት ነው የሚለየው፤ የድሮው ከፀሐዩ ብርሃን፣ የአሁኑ ከመለኪያው ንባብ። መለኪያው በረዶው ላይ ብቻ ቢያነጣጥር ከኤፍ 32 እንኳ የጠበበ ቀዳዳ ይጠቁማል፤ በዚያ ላይ አንድ ስቶፕ ተኩል ያህል ሲደመር ኤፍ 22 አካባቢ ይደረሳል። በተግባር ግን ኤፍ 22 ላይ ማንሳት ምስሉን ያለሰልሰዋል፤ ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ይበተናል። ያው ብርሃን ኤፍ 8 እና 1/800 ሰከንድ ላይ ይገኛል፤ ስለታምነቱም አይጠፋም።

ይህ የድሮ ሕግ ፀሐይ ከፍ ባለችበት ነው የሚሠራው፤ የሁለቱ አገሮች ዋና ልዩነትም ያለው በፀሐይዋ ቁመት ነው። ሀገራችን ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ባለው ውስጥ ስለሆነች፣ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በቀትር አናት ላይ ታልፋለች፤ በታኅሣሥ እንኳ በቀትር ከአድማስ 50 ዲግሪ በላይ ነች። በ45 ዲግሪ ሰሜን የሚኖር ሰው በዚያው ወር በቀትር የሚያያት 21 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ በ60 ዲግሪ ሰሜን ደግሞ 6 ዲግሪ ተኩል ብቻ። ሀገር ቤት ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካሜራን ማሳረፍ ጥሩ ምክር ነው፤ ብርሃኑ ቀጥ ብሎ ወርዶ ጥላን ከእግር ሥር ይደብቃል። በሰሜኑ ብርድ ግን ይህን ምክር የሚከተል ሰው ቀኑን በከንቱ ያሳልፋል። ፀሐይዋ ቀኑን ሙሉ አግድም ስለምትሄድ፣ ሀገር ቤት ማለዳ ላይ ብቻ የሚገኘው ብርሃን እዚህ በቀትርም አለ።

ይህ ለበረዶ ትልቅ ነገር ነው፤ በረዶ የራሱ ቀለም የለውም፤ ቅርጹን የሚያወጣለት ጥላ ብቻ ነው። ፀሐይን ከጀርባ አድርጎ የተነሳ የበረዶ ሜዳ ያልተጻፈበት ወረቀት ነው። ፀሐይዋ ከጎን ወይም በሰያፍ ከፊት ስትመጣ ነፋስ ያበጀው ሞገድ፣ የእንስሳ ዱካ፣ የቁልል ጫፍ ሁሉ ይነሳል። ከፊት ስትመጣ የሌንስ መከለያ ማድረግ፣ ካልበቃም በእጅ መጋረድ። የራስ ጥላ በጣም ስለሚረዝም ክፈፉ ውስጥ ሳይታወቅ ይገባል። ደግሞም ከማንሳት በፊት መራመድ አይገባም፤ ሀገር ቤት ሣር ረግጦ አልፎ ተመልሶ ማንሳት ይቻላል፣ እዚህ ግን አንድ የተሳሳተ እርምጃ እስከሚቀጥለው በረዶ ድረስ ፎቶው ላይ ይኖራል።

የፊት ነገርም እንዲሁ ይገለበጣል። ሀገር ቤት በቀትር የዓይን ጉድጓድ ይጨልማል፤ በረዶ ግን ከታች ወደ ላይ እያበራ ያንን ጥላ ይሞላል። ጥቁር ፊት ላለው ሰው ይህ ስጦታ ነው፣ አቋቋሙን ካወቀ። ፀሐይን ፊት ለፊት ካየ ዓይኑን ይጨፍናል። ፀሐይዋ ከኋላና ከጎን ሆና፣ ፊቱ በፀሐይ ወደበራ በረዶ ሲዞር ለስላሳ ብርሃን ያገኛል። ከዚያ ከክፈፉ አንዲት ትንሽ ቦታ ብቻ በሚለካው የነጥብ መለኪያ ፊቱን ለይቶ ለክቶ ከተገኘው ከ2/3 እስከ 1 ስቶፕ መቀነስ ነው፤ ጥቁር ቆዳ ራሱ ከመካከለኛው ግራጫ ስለሚጠልቅ፣ ካልተቀነሰ ያለ አግባብ ይነጣል። በዚህ ልክ የኋላው በረዶ ከተቃጠለ ወደ ሰውየው መጠጋትና በስተጀርባው ዛፍ ወይም ጥላ ያለበትን መምረጥ፤ ወይም በፍላሽ ማገዝ። ፍላሽ በአብዛኞቹ ካሜራዎች ከ1/200 ወይም ከ1/250 ሰከንድ በላይ ሲፈጥን በተራ አሠራሩ አይከተልም፤ የከፍተኛ ፍጥነት ማመሳሰያውን ማብራት ያስፈልጋል። የጨለመን ፊት በኋላ በአፕ የሚያነጡ ሰዎች ነገር ግን አይገባኝም። የጎደለው ብርሃን ነበር፤ እነሱ ግን ቆዳውን ነው የሚያርሙት።

በረዶ ላይ ያለ ጥላ ሰማያዊ ነው፤ የሚያበራው ሰማዩ ስለሆነ። ይህ ጉድለት አይደለም፤ እሱን አጠፋለሁ ብሎ የፎቶውን ቀለም የሚያሞቅ ሰው ፀሐይ ያረፈበትን በረዶ ቢጫ ያደርገዋል። ዋይት ባላንሱን፣ ማለትም ነጭ ነጭ እንዲሆን ቀለምን የሚያስተካክለውን ቅንብር፣ 5200 ወይም 5500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) ላይ አስሮ መተው ይበጃል። ሌንስ ላይ የሚገጠመው፣ ነጸብራቅን የሚቀንሰው ፖላራይዘር ፊልተርም በልክ ነው፤ ከፀሐይ 90 ዲግሪ ባለው የሰማይ ክፍል ላይ በጣም ስለሚያጠቁር፣ ከፍ ባለ ተራራ ላይ ሰማዩን ጥቁር ሊያደርገው፣ በሰፊ ሌንስ ደግሞ ዥጉርጉር ሊያስመስለው ይችላል። የበረዶውንም ብልጭታ ይወስዳል።

ትኩረቱ አልያዝ ካለ ካሜራው ተበላሽቶ አይደለም፤ ባዶ ነጭ ላይ የሚይዘው ጠርዝ አጥቶ ነው። የዛፍ ግንድ ወይም የጥላ ጫፍ ይሰጠው። የትራይፖዱን እግሮች ሙሉ በሙሉ ከፍቶ ጥልቅ በረዶ ውስጥ መጫን መገጣጠሚያውን ይሰብራል፤ ገና በከፊል ተከፍተው ይጠልቁ፣ ሲወርዱ ራሳቸው ይሰፋሉ።

ሀገር ቤት የካሜራ ጠላት አቧራ ነው፤ እዚህ ውኃ ነው። ሌንስ ላይ ያረፈ በረዶ በእጅ ወይም በትንፋሽ ከተነካ ይቀልጥና ተመልሶ ይረጋል፤ በለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ ነው። ባትሪ በብርድ ኃይሉን ቶሎ ያጣል፤ ሁለተኛው በውስጥ ኪስ፣ ሰውነት አጠገብ ይቀመጥ፤ የሞተ የመሰለውም ሲሞቅ ጥቂት ያነሳል። ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው ግን ወደ ቤት ሲገባ ነው። ቀዝቃዛ ካሜራ ሞቃት ክፍል ውስጥ ሲገባ የክፍሉ እርጥበት ሌንሱና ውስጡ ላይ ጤዛ ይሆናል። ከመግባት በፊት፣ ገና በብርዱ ውስጥ ሳሉ፣ በፕላስቲክ ከረጢት አጥብቆ አስሮ፣ ክፍል ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት እስኪሞቅ ሳይከፍቱ መተው። ካርዱ ግን ከረጢቱ ከመታሰሩ በፊት ይውጣ፤ ያለዚያ ፎቶውን ለማየት የቸኮለ ሰው ያለ ሰዓቱ ከረጢቱን ይከፍተዋል።