ዳታቤዝም በቅርጫ ይገዛል

ስለ ወሎ ታሪክ የተጻፈ ጥናት የሚፈልግ የደሴ መምህር ፍለጋው ብዙ ጊዜ አሜሪካ ያደርሰዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ የሚያሳትመው «ጆርናል ኦቭ ኢትዮጵያን ስተዲስ» ቆየት ያሉ እትሞቹ ጄስቶር በሚባለው የአሜሪካ ዳታቤዝ (የጥናት ጽሑፎች የኢንተርኔት ማከማቻ) ውስጥ ተቀምጠዋል። ጸሐፊው የእኛ፣ ጉዳዩም የእኛ፣ ማተሚያውም ስድስት ኪሎ ነው። በግል ተመዝግቦ በወር የተወሰኑ ጽሑፎችን በነጻ ማንበብ ይቻላል። እንደ ልብ ለመጠቀም ግን አንባቢው ያለበት ተቋም ላይሰንስ፣ ማለትም በክፍያ የሚገኝ የመጠቀሚያ ፈቃድ፣ ሊኖረው ይገባል።

ጄስቶርን ልወቅስ አይደለም፤ እንዲያውም እሱ ባይሰበስባቸው ብዙዎቹን ጽሑፎች ፈልጎ ማግኘት ባልተቻለ ነበር። የእኔ ጥያቄ ላይሰንሱን ማን ይግዛ የሚለው ነው። መልሴም ደሴና ኮምቦልቻ አንድ ላይ ሆነው ይግዙ ነው።

በሁለቱ ከተሞች ያሉትን አንባቢዎች እንቁጠር። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ላይ ካምፓስ፣ ኮምቦልቻ ላይ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው። ደሴ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ፣ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ፣ የወይዘሮ ስኂን ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅና ሪፈራል ሆስፒታል አላት። የሐረጎን ተራራ ወርደን ኮምቦልቻ ስንገባ የእንስሳት በሽታ የሚመረመርበት ላቦራቶሪ አለ፤ ከዚያም በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ። ይህ ሁሉ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ላይ ነው። የሚያስፈልጋቸው ንባብም ይገናኛል፦ ከእንስሳ ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ላይ የሚሠራ የላቦራቶሪ ባለሙያና የሆስፒታሉ ሐኪም የሚፈልጉት ጽሑፍ ብዙ ጊዜ አንድ ነው።

ለፋሲካም ሆነ ለአረፋ በሬ በጋራ መግዛት ለእኛ ሰው አዲስ አይደለም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ ቅርጫ ላይ ሰው በጨመረ ቁጥር የየአንዱ መደብ ያንሳል፤ ዳታቤዝ ላይ ግን አሥረኛው ተካፋይ ቢገባም የመጀመሪያውን ድርሻ አይነካበትም። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ዋጋውን የሚተምነው በተማሪና በሠራተኛ ብዛት፣ በአገሪቱ የገቢ ደረጃና በድርድር ነው። ብቻውን የሚደራደር ኮሌጅ የተሰጠውን ዋጋ ከመቀበል ሌላ ብዙ አማራጭ የለውም።

የጋራ ድርድር ምን ያህል አቅም እንዳለው ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2019 በ10 ካምፓሶቹ ስም ከትልቁ የጆርናል አሳታሚ ከኤልሴቪየር ጋር ሲደራደር ቆይቶ ሳይስማማ ቀረና ውሉን ሳያድስ ተወው። ሁለት ዓመት ቆይቶ የተሻለ ስምምነት ፈረመ። እርግጥ ደሴ ተነሣች ብሎ ኤልሴቪየር አይደነግጥም። እኛ ልናደርግ የምንችለው በአገር ደረጃ ባለው የኢትዮጵያ የአካዳሚክና የምርምር ቤተ መጻሕፍት ኮንሶርሺየም (ኅብረት) በኩል እንደ አንድ አካል ቆሞ መደራደር ነው።

«በነጻ እያለ ለምን እንገዛለን?» የሚል አይጠፋም። እውነት አለው። አሳታሚዎች ጆርናሎቻቸውን ለድሃ አገሮች በነጻ ወይም በርካሽ በሚያቀርቡበት፣ ሪሰርችፎርላይፍ በሚባለው ማዕቀፍ፣ ለጤና ሂናሪ፣ ለግብርና አጎራ፣ ለቴክኖሎጂ አርዲ፣ ለአካባቢ ጥበቃና ለሕግም ሌሎች አሉ፤ ኢትዮጵያ በነጻ ከሚጠቀሙት አገሮች ምድብ ናት። ይህን አሟጦ ሳይጠቀም ለግዢ የሚሮጥ ተቋም ገንዘቡን ያባክናል። ነገር ግን ነጻነቱ የቆመው በአሳታሚዎቹ ፈቃድ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ ላይ አንዳንድ ትልልቅ አሳታሚዎች ባንግላዲሽ ውስጥ ከ2,500 በላይ ጆርናሎቻቸውን ከሂናሪ አወጡ፤ ጆርናሎቹ የተመለሱት ከብዙ ጩኸት በኋላ ነው። በውል የተያዘ መብት እንዲህ በአንድ ኢሜይል አይነሣም።

ሌላው መልስ «ተማሪው ከቴሌግራም ያገኘዋል» የሚለው ነው። ያገኛል፤ አልክድም። የሚከፈልባቸውን ጽሑፎች ያለ ፈቃድ በነጻ የሚያወርደውን ሳይ-ሃብ የተባለ ድረ ገጽም ሁሉም ያውቀዋል። ግን ሳይ-ሃብ ሕንድ ውስጥ በተመሠረተበት ክስ ምክንያት ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ አዳዲስ ጽሑፎችን መጫን በአብዛኛው አቁሟል፤ በእሱ የሚተማመን የድኅረ ምረቃ ተማሪ የዘንድሮውን ጥናት አያይም። አንድ ተቋምስ የምርምር ሥራውን በቴሌግራም ቻናል ላይ ተማምኖ እንዴት ያቅዳል?

ገንዘቡ ከባድ መሆኑን አላቃልልም። ብር በገበያ እንዲተመን ከተወሰነበት ከሐምሌ 2016 በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ላይሰንስ በዶላር ነው የሚገዛው። ለእኔ ይህ አብሮ ለመግዛት ዋነኛው ምክንያት ነው፤ አምስት ተቋም አንዱን ዳታቤዝ አምስት ጊዜ በየፊናው ምንዛሪ ሊጠይቅበት አይገባም።

ውሉ ውስጥ ምን ይጻፍ? እኔ የምጨነቀው ከዋጋው ይልቅ ለዚህ ነው። በ2014 ጦርነት ሁለቱ ከተሞች ሲያዙ የዩኒቨርሲቲው ንብረት ተዘርፏል፣ ወድሟል። ከ2015 ክረምት ጀምሮ ደግሞ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆይቷል። እንዲህ ያለ አገር ውስጥ «እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ኦንላይን ታያላችሁ» የሚል ውል መፈረም ሞኝነት ነው። የተከፈለባቸው ዓመታት እትሞች ውሉ ቢያበቃም እንዲቀሩልን፣ ቅጂያቸውም ደሴና ኮምቦልቻ ባሉ ሰርቨሮች እንዲቀመጥ መጠየቅ አለበት። የሚስጥር አንቀጽም አለ፤ አንዳንድ ሻጮች ገዢው የከፈለውን ዋጋ ለሌላ እንዳይናገር ያስፈርሙታል። በሕዝብ ገንዘብ የሚገዛ ተቋም ይህን ባይቀበል ደስ ይለኛል።

ከሁሉ በላይ የማየው ግን ከውጭ የሚመጣውን አንባቢ ነው። ብዙ የላይሰንስ ውሎች ተማሪም ሠራተኛም ያልሆነ ሰው ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተቀምጦ እንዲያነብ ይፈቅዳሉ፤ አንቀጹ ካልተጠየቀ ወይም በር ላይ መታወቂያ የሚጠይቀው ጥበቃ ካላወቀው ግን የለም ማለት ነው። ፒያሳ ክሊኒክ ያላት ነርስ፣ ከተመረቀ ሦስት ዓመት የሆነው ሥራ ፈላጊ መሐንዲስ፣ በራሱ ወጪ የመንዙማ ግጥም የሚሰበስብ ሽማግሌ የትኛውም ተቋም ፓስወርድ አይሰጣቸውም። ለእነሱ አንድ ክፍልና ጥቂት ኮምፒውተር ካልተመደበ ትብብሩ የባለ መታወቂያዎች ማኅበር ሆኖ ይቀራል፤ እኔም አልደግፈውም።

አስቸጋሪው ፊርማው ነው። ዩኒቨርሲቲው የሚተዳደረው በፌዴራል ትምህርት ሚኒስቴር ነው፤ ኮሌጆቹና ሆስፒታሉ በክልል ቢሮዎች ሥር ናቸው፣ በጀታቸውም ከተለያየ ቋት ይመጣል። ሁሉን የሚያስፈርም አንድ ውል ማዘጋጀት ከተጀመረ ግዢ ክፍሎቹ ብቻ ዓመት ይፈጃሉ። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው ከሻጩ ጋር ይፈርም፤ ሌሎቹ ድርሻቸውን በመግባቢያ ሰነድ ለእሱ ያስገቡ። የድርሻው መለኪያ የተማሪና የሠራተኛ ቁጥር ይሁን፣ ሆስፒታሉ በአልጋ ብዛት ልክፈል ካለም ይደመጥ።

ጊዜውም ይታሰብበት። የእኛ በጀት ሐምሌ 1 ይከፈታል፤ የጆርናሎች የደንበኝነት ዓመት ደግሞ እንደ ፈረንጆቹ ከጥር እስከ ታኅሣሥ ነው። ተቋማቱ የሚፈልጓቸውን ጆርናሎች የጋራ ዝርዝር ግንቦት ላይ ጨርሰው በበጀት ጥያቄያቸው ካላካተቱ፣ መስከረም ላይ ለሻጩ የሚላክ ቁርጥ ያለ ነገር አይኖርም። ዝርዝሩን ለመጀመር ደግሞ ፈቃድም ዶላርም አያስፈልግም፤ የየቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊዎች ተማሪዎቻቸው ፈልገው ያጡትን ጆርናል ከዛሬ ጀምሮ መመዝገብ ይችላሉ።