የእሁድ ባላገሮችን እናመስግን

እሁድ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ሱሉልታ ሜዳ ያልቆመ ሰው ልጅ አሳድጌያለሁ እንዳይለኝ። የዘንድሮ ጀግና ወላጅ የሚገኘው እዛ ነው። ከእንጦጦ ማዶ ቁልቁል ይወርድና መኪናውን አስፋልቱ ዳር ያቆማል፣ ልጆቹን ከነታብሌታቸው ያወርዳል፣ አየሩን በአፍንጫው ይስብና "አያችሁ፣ ልጅ እንዲህ ከእንስሳት ጋር ነው ማደግ ያለበት" ይላል። ከዛ 20 ደቂቃ ያሳድጋቸዋል። ከዛ ክትፎ ቤት።

አሽሟጠጠ እንዳትሉኝ፣ ለነዚህ ሰዎች ያለኝ አክብሮት ልክ የለውም። እኔ ራሴ የተወለድኩት አዊ፣ ባንጃ ነው፣ ፈረስ የሌለው ቤት እንደ ቤት በማይቆጠርበት አገር፣ ግን ከእንስሳት ጋር ለማደግ 14 ዓመት ነው የፈጀብኝ። እነሱ ክትፎው እስኪደርስ ይጨርሱታል። በርቱ ከማለት ሌላ ምን ይባላል?

አንድ እሁድ እዛ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ አባት፣ ስኒከሩ ከማንጣቱ የተነሳ አይን የሚወጋ፣ ፈረስ ወደያዘ ልጅ ጠጋ አለ። ልጁ 11 ዓመት ቢሆነው ነው፣ 12 ካላችሁም አልጣላም፣ የትልቅ ሰው ጃኬት ለብሶ እጅጌውን ሁለት ጊዜ አጥፎታል፣ እግሩ ላይ ኮንጎ ጫማ። ፈረሱ ዳማ ነው፣ ግንባሩ ላይ ቀይ የሱፍ ክር ተንጠልጥሎበታል።

"ስንት ነው?"

"አንድ ዙር 200።"

"200?! ለፈረስ?!"

ለምን ሊሆን ነበር እንግዲህ። ሰውየው ግን አልተቆጣም፣ ረጋ ብሎ በጨዋ ቋንቋ ተከራክሮ ተከራክሮ 120 አስገባው፣ አሸንፎ ሲመለስ ሚስቱን አያት፣ እሷም እንደ ባል አየችው። መንገድ ላይ የጠጡት ማኪያቶ ስንት እንደሆነ እኔ አላውቅም፣ ሂሳብ ሳያይ ካርድ የሚሰጥ አይነት ሰው መሆኑን ግን ፊቱ ይናገራል። እና ይሄን ስስት የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል፣ ለገጠር ልጅ በነፃ የተሰጠ የቢዝነስ ስልጠና ነው።

ከዛ ትንሿ ልጅ "ስሙ ማነው?" አለች። ፈረሱን ነው። ባለፈረሱ "ዳማ" አለ። አባት ደስ አላለውም፣ ዳማ እኮ ቀለሙ ነው፣ ስም ነው እንዴ፣ ተባለና ቤተሰቡ ተማክሮ ፈረሱ ቸኮሌት ተባለ። ይሄኔ አባት ታሪክ ገባ። የድሮ ሰው በፈረሱ ስም ነበር የሚጠራው አላት፣ አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ሁሉም በፈረሱ። "የኔም ቅድመ አያት አድዋ ላይ ፈረሰኛ ነበር" ብሎ ጨረሰ። (በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው ያለችው ትዝ አለኝ ግን ዝም አልኩ። ደግሞ ሁሌ የሚገርመኝ፣ በ1888 አድዋ የዘመተው ፈረሰኛ በሙሉ የቦሌና የሲኤምሲ ሰዎች ቅድመ አያት ነው፣ እግረኛው የማን ቅድመ አያት እንደነበር እስካሁን አልተገለጸም።)

ልጅቷ መቼም ልጅ ናት፣ ቀጥላ ወደ ልጁ ጠቆመችና "የሱስ ስም?" አለች። አባት ስልኩን እያስተካከለ "ባለፈረስ በይው" አላት። እዚህ ጋ ነው ቆሜ ላጨበጭብ የቃጣኝ። ስንቱ ወግ ባህሉ ጠፋ እያለ ሲያለቅስ ይሄ ሰው ሰውን በፈረሱ የመጥራትን ወግ አስፋልት ዳር ቆሞ አስቀጠለው። አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው፣ አንተ ባለፈረስ።

ግልቢያው ተጀመረ። ግልቢያ ስል ልጁ ልጓሙን ይዞ ከፊት ይራመዳል፣ ፈረሱ እያዛጋ ይከተለዋል፣ ልጅቷ ኮርቻው ላይ የብስክሌት ሄልሜት አድርጋ ትጮሃለች፣ አባት በጎን ወደኋላ እየሮጠ ይቀርጻል፣ እናት "ቀና በይ! ፈገግ!" ትላለች። "አንተ ባለፈረስ፣ ከፎቶው ውጣ እስቲ!" ልጁ አልተናደደም፣ ለምዶታል፣ ሰውነቱን ከፈረሱ አንገት ጀርባ እጥፍ አድርጎ ጠፋ፣ እጁ ብቻ ልጓሙ ላይ ቀረች። ካሜራው ወደ ግራ ሲዞር እሱ ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ ሲዞር ወደ ግራ። የሰርግ ቪዲዮ የሚሰሩ ጓደኞች አሉኝ፣ ፍሬም የት እንደሚያልቅ እንደዚህ ልጅ የሚያውቅ የለም።

በነገራችን ላይ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ መቅጠር ክልክል ነው ይላል። ምንም ችግር የለም። ማንም አልቀጠረውም። እኛ የተከራየነው ፈረሱን ነው፣ ልጁ ከፈረሱ ጋር አብሮ የመጣ ነው፣ እንደ ኮርቻው።

ከሁሉ በላይ ግን የማደንቀው "እኔ እኮ እረኛ ነበርኩ" የሚለውን ክፍል ነው። ክትፎ ቤት ተቀምጣችሁ ስሙ፣ ቲቪ ላይ ስሙ፣ ባለሀብቱም ባለስልጣኑም ፓስተሩም አርቲስቱም እረኛ ነበር። ደስ ሲል! ሁሉም እረኛ ከነበረ ከብቱ የማን ነበር ብሎ የሚጠይቅ ምቀኛ ግን አይጠፋም። እና ሲያወሩት እንዴት ያምራል መሰላችሁ፣ ዋሽንት አለ፣ እሸት አለ፣ የገና ጨዋታ አለ፣ ፀሀይ ሁልጊዜ ልትጠልቅ ስትል ነው፣ እነሱ አገር ጠዋት የለም መሰለኝ።

እኛ ጋ ጠዋት ነበር። የባንጃ ጠዋት ውርጭ ነው፣ እና በባዶ እግሩ የሚሄድ እረኛ አንድ ዘዴ አለው፣ የተኛችውን ላም ቀስቅሶ እሷ የተኛችበት ቦታ ላይ ይቆማል፣ መሬቱ ይሞቃል፣ ሳይቀዘቅዝ ወደሚቀጥለው ላም። እንደዛ እየተዘዋወርኩ ነው ፀሀይ የምጠብቀው። ክረምት ላይ ደግሞ ገሳ ለብሶ ዝናብ ውስጥ መቀመጥ ነው፣ ትንሽ ካሸለበህ በሬው የሰው ገብስ ውስጥ ይገባል፣ የገብሱ ባለቤት ይገርፍሃል፣ ቤት ስትገባ አባትህ ገብሱ ለምን ተበላ ብሎ ይደግምሃል። ትምህርት ቤት ከወንድሜ ጋር በተራ ነበር የምንሄደው፣ አንድ ቀን እኔ፣ አንድ ቀን እሱ፣ ከብቱ መቼም ብቻውን አይውልም። መደመር ያስተማሩት በኔ ቀን ነው። መቀነስ የደረሰው በወንድሜ ቀን ነው። እስከዛሬ ገንዘብ አያያዛችን ላይ ያስታውቃል።

ፈረስም ቢሆን ያው ነው። ጥር 23 ለፈረስ በዓሉ እንጅባራ የመጣ ሰው አፉን ከፍቶ ነው የሚመለሰው፣ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማህበር ከ1932 ጀምሮ ያለ ነው፣ የአድዋን ፈረሶች ውለታ ለማሰብ የተቋቋመ፣ ዛሬ አባሉ በአስር ሺዎች ነው የሚቆጠረው፣ የተጣላ ያስታርቃል፣ ፈረሱ በጌጥ ተንቆጥቁጦ ሽምጥ ሲጋልብ መሬቱ ይንቀጠቀጣል። እኔም እኮራለሁ፣ ውሸት ምን ያደርጋል። ግን ጥር 23 ለሚጋለበው ፈረስ ጥር 22 ሳር ያጨደለት፣ ወንዝ ወስዶ ውሃ ያጠጣው፣ ያለኮርቻ ጀርባው ላይ ተለጥፎ የመለሰው ማነው? ልጅ ነው። የበዓሉ ቀን ያ ልጅ ከሜዳው ዳር ሆኖ ነው የሚያየው፣ እሱንም ከብቱን የሚጠብቅለት ካገኘ። እና እኛ ቤት ውስጥ አንድም ቀን "ልጆቻችንን ከእንስሳት ጋር እያሳደግን ነው" የሚል ቃል አልሰማሁም። እናቴ የምትለው "ተነስ፣ ፈረሱ ውሃ አልጠጣም" ነበር።

ውጭ አገር ያሉትንም ሳላመሰግን አላልፍም። የአጎቴ ልጅ ከሜሪላንድ የ9 ዓመት ልጁን ይዞ መጣ፣ ስሩን ይወቅ ብሎ፣ እዛ ትምህርት የሚዘጋው በኛ ክረምት ስለሆነ መጀመሪያ ያወቀው ጭቃውን ነው። ልጁ በሁለተኛው ቀን አንድ ነጭ ጠቦት ወደደ፣ ስም አወጣለት፣ አብሮት ቲክቶክ ሰራ። አያቱ ደግሞ የልጅ ልጇ እየዞረ እየዞረ ጠቦቱን ሲያይ ምን ትበል፣ አማረው አለች። በአራተኛው ቀን ታረደለት። "የታለ?" ሲል "ገበያ ሄዷል" ተባለ፣ አጥንቱን እየጋጠ አመነ። አባቱ ደግሞ ወተት ካልጠጣ አለ፣ ከላሚቷ ስር እንደታለበ፣ ትኩሱን። እኔ ጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስ የሚባል በሽታም ቲቢም ያመጣል፣ ይፈላ ብዬ ብለፈልፍ "ባክህ እኛ ጠጥተን አድገን የለ?" አለኝ። እሱስ እውነቱን ነው። ጠጥተው ያላደጉት መጥተው አይከራከሩም።

ቢሾፍቱ የሚሄደው ክፍልም አለ፣ እሱ ሀይቅ ዳር ሪዞርት ገብቶ ነው ልጁን ፈረስ የሚያስቀምጠው። መንገዱ ላይ ደግሞ አስፋልት መሀል የቆመ ፈረስ ያገኛል፣ ዕድሜውን ሙሉ ጋሪ ሲጎትት ኖሮ ጀርባው የተላጠ፣ አልሰራም ሲል ባለቤቱ የለቀቀው፣ መኪና በግራ በቀኝ ሲያልፍ ጆሮውን እንኳን የማያንቀሳቅስ። የኛ ሰው ክላክስ ያደርጋል። ከዛ "ልጆች፣ እዩ እዩ፣ ሪዞርቱ ስንደርስ በዚህ አይነት ነው የምትጋልቡት" ይላል፣ ሲያልፍ መስኮቱን ይዘጋል፣ ቁስሉ ይሸታላ።

ወደ ሱሉልታ ልመለስ። ዙሩ አለቀ፣ ልጅቷ ወረደች፣ ፈረሱን ልትዳስስ እጇን ስትዘረጋ እናት ቀደም ብላ ሳኒታይዘር አወጣች። አባት 120ውን ቆጥሮ ሰጠ፣ ልጁ ብሩን በጃኬቱ ውስጥ ኪስ ከተተና ከውጪ በመዳፉ መታ መታ አደረገው። ከዛ ዞር ብሎ የኮርቻውን መቀነት አላላው፣ ጣቱን ከስሩ አስገብቶ የፈረሱን ሆድ አከከለት፣ ፈረሱ አንገቱን ጣል አድርጎ አገጩን የልጁ ትከሻ ላይ አሳረፈ። ልጁ በጆሮው የሆነ ነገር አለው፣ ምን እንዳለው አልሰማሁም፣ ቸኮሌት ብሎ እንዳልጠራው ግን እርግጠኛ ነኝ። ይሄን የቀረጸ ሰው አልነበረም። ሁሉም ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ፎቶ ይመርጥ ነበር።

ማታ ፎቶውን አየሁት፣ አንድ የጋራ ወዳጃችን ሼር አድርጎት። ካፕሽኑ "ልጆቻችንን ከተፈጥሮና ከእንስሳት ጋር እናሳድግ፣ የነገ ፈረሰኛ" ይላል፣ 3 ልብ፣ 1 ባንዲራ። ያቺ ልጓሙ ላይ የቀረች እጅ ሳታስቸግራቸው አልቀረችም፣ በሆነ አፕ አጥፍተዋታል፣ አፑ ደግሞ እጇን ሲያጠፋ ልጓሙንም አብሮ ነክሶታል። ልጅቷ ፈረሱ ላይ ፈገግ ብላለች፣ ልጓሙ ከፈረሱ አፍ ወጥቶ አንድ ክንድ ያህል ከተዘረጋ በኋላ አየር ላይ ይቆረጣል።

ከስሩ "ፈረሱን ማን ያዘው?" ብዬ ጻፍኩ። ሰውየው ልብ ሰጠኝና "እግዚአብሔር ነዋ" ብሎ መለሰልኝ።