እርማት፦ በሥር ውስጥ መኖር የዝምድና ማስረጃ አይደለም

«በዕፅዋት ሥር የሚኖሩ ፈንገሶች ሁሉ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው» የሚለው አስተያየት ተደጋግሞ ቢነገርም ትክክል አይደለም። የራይቦሶም (በሕዋስ ውስጥ ፕሮቲን የሚሠራው አካል) አር ኤን ኤ የሚሠራበት የዲ ኤን ኤ ክፍል ሲነጻጸር፣ በሥር ሕዋስ ውስጥ እንደ ቁጥቋጦ ቅርንጫፍ አውጥተው ለተክሉ ፎስፈረስ የሚያቀብሉት ፈንገሶች ለብቻቸው አንድ ጥንታዊ ወገን ሆነው ይገኛሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ግሎሜሮማይኮታ ተብለው ራሳቸውን ችለው የተመደቡትም በዚሁ ማስረጃ ነው። የጥድን ሥር ከውጭ ከሚሸፍኑት መካከል ግን ብዙዎቹ የሌላ ወገን የሆኑ ባለ ጃንጥላ እንጉዳዮች ናቸው። የስፖር (ፈንገስ የሚራባበት ደቃቅ አካል) መልክም ብቻውን አያስተማምንም፤ ሁለት ዓይነት ስፖር በማፍራቱ በሁለት የዝርያ ስም ተመዝግቦ የቆየ ፈንገስ አለ። እርግጥ ዲ ኤን ኤውም ጥንቃቄ ይሻል፦ ፈንገሶችን ለመለየት የተለመደው አይ ቲ ኤስ የተባለው ክፍል በግሎሜሮማይኮታ በአንድ ስፖር ውስጥ እንኳ ስለሚለያይ፣ በእሱ ብቻ የተደረገ ቆጠራ የዝርያዎችን ቁጥር ሊያጋንን ይችላል።