ይድረስ ለክቡር ግራብ፣ ባሉበት ሀርድ ዲስክ

ጉዳዩ፦ ማንም ሳይጠይቅዎ ያደረጉትን አፕግሬድ ይመለከታል

ክቡርነትዎ፣ መቼም የወሎ ሰው ነኝና ሰላምታ ሳላስቀድም ወደ ነገር አልገባም፣ እንደምን ከርመዋል፣ ጤናዎ እንዴት ነው፣ ሞጁሎችዎስ፣ ሜኑዎስ፣ እነ ከርነል ሁሉ ደህና ናቸው ወይ፣ እኛ አልሃምዱሊላህ ከጥቁሩ ስክሪንዎ በቀር ምንም አልሆንን። እኛ አገር ትልቅ ሰው አንቱ ይባላል፣ እርስዎም እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ያሉ ሽማግሌ ነዎትና እስከ መጨረሻው በአንቱታ ልቀጥል አስቤ ነበር። ግን ወላሂ እጄ እምቢ አለኝ። ከዚህ በኋላ አንተ ነህ፣ ይቅርታም አልጠይቅህም።

ለማያውቅህ ሰው ላስተዋውቅህ መሰለኝ። ኮምፒውተር ሲበራ ከባዮሱ (ማሽኑን መጀመሪያ ከሚቀሰቅሰው ፕሮግራም) ቀጥሎ ብድግ ብለህ "ሊኑክስ ልክፈት ወይስ ዊንዶውስ?" ብለህ የምትጠይቅ አንተ ነህ፣ ስራህ ይሄው ነው፣ አምስት አስር ሰከንድ ትቆምና ከፍተህ ዞር ትላለህ። በደንብ የሰራ ቡትሎደር ስሙን እንኳን ሰው ሳያውቀው ነው ዓመታት የሚያልፉት። አንተ ግን መታወቅ አማረህ።

የምጽፍልህ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያለች አንዲት ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ስላለች ማሽን ነው። ዴል ኦፕቲፕሌክስ 780፣ ኮር ቱ ዱዎ፣ 4 ጊጋ ራም፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ሞዴል። ሲፒዩው (ሳጥኑን ነው የምለው፣ እዚህ ሰው ሁሉ ሳጥኑን ሲፒዩ ነው የሚለው፣ ተከራክሬ ተከራክሬ ደክሞኝ እኔም ገባሁበት) ከጦሳ የሚወርደውን ጉምና እርጥበት የቻለ፣ በ2014ቱ ጦርነት ከተማው ሲዘረፍ በጆንያ ተጠቅልሎ ኮርኒስ ላይ ተደብቆ የተረፈ ነው። ያን ሁሉ አልፎ አንተ እጅ ላይ ወደቀ። ሁለት ሀርድ ዲስክ አለው፣ የድሮው 250 ጊጋና በኋላ የተጨመረው 500። ዊንዶውስም ሊኑክስም ተጭኖበታል፣ ምክንያቱም ደንበኛ ይዞት የሚመጣው የድሮ ፋይል ግማሹ በፓወር ግእዝ የተጻፈ ስለሆነ ያለ ዊንዶውስ አይሆንም፣ የደንበኛው ፍላሽ ደግሞ ፋይሉን ሁሉ ሾርትከት በሚያረግ ቫይረስ የተሞላ ስለሆነ መጀመሪያ በሊኑክስ ካልተከፈተ ቤቱን ይዞ ነው የሚሄደው። ማለትም ያንተን ሜኑ እኛ ለጌጥ አይደለም ያሰናዳነው፣ እንጀራ ነው።

እና አንድ ቀን ኡቡንቱው፣ ማለትም ሊኑክሱ፣ ከ18.04 ወደ 20.04 ከፍ በል ተባለ፣ ከፍ አለ፣ ሪስታርት በል አለ፣ ሪስታርት አለ። ከዛ ባለቤቷ ደወለችልኝ፣ "ኧረ ወንድሜ ድረስልኝ፣ በነብዩ፣ ቤቱ ሰው ሞልቷል ይሄ ነገር እንግሊዝኛ ጽፎ ቁጭ ብሏል" አለች። ስደርስ እውነትም ጽፈህ ቁጭ ብለሃል። ኤረር፣ ሲምቦል ግራብ ካሎክ ኖት ፋውንድ። ከስሩ ግራብ ሬስኪዩ፣ ከጎኗ ብልጭ ድርግም የምትል ሰረዝ። ሌላ ምንም የለም። ከኩታበር የመጡ አንድ አባባ የይግባኝ ማመልከቻ ሊያስጽፉ ወረቀታቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ሸጉጠው ስክሪኑ ፊት ተቀምጠዋል።

"ልጄ፣ ምንድነው የሚለው?"

"አንድ ነገር አጣሁ ነው የሚለው አባባ።"

"ማን ወሰደበት?"

"ማንም አልወሰደበት፣ ራሱ ነው ሌላ ቦታ ያስቀመጠው።"

"እህ፣ ፋይሉ ጠፋ በለኛ" አሉና ጋቢያቸውን ሳብ አርገው ዝም አሉ። ፍርድ ቤት የተመላለሱ ሰው ናቸው፣ ከዚያ በላይ ማብራሪያ አልፈለጉም።

እኔ ግን ማብራሪያ አለኝ፣ ቁጭ ብለህ ስማ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2020 ቡት ሆል የሚባል ቀዳዳ ተገኘብህ። ግራብ ዶት ሲኤፍጂ የምትባለውን ፋይልህን ስታነብ ከልኩ በላይ የረዘመ ነገር ከገባባት ሜሞሪህ ሞልቶ ይፈስና ተንኮለኛ ሰው በዚያች ተጠቅሞ ሴኪዩር ቡትን (ያልታወቀ ነገር እንዳይነሳ በር ላይ የሚቆመውን ዘበኛ) አልፎ የፈለገውን ማስነሳት ይችላል ተባለ። እሺ፣ ከባድ ነው። ሰዎችህ ቀዳዳውን ሲደፍኑ ሜሞሪ ከመሰጠቱ በፊት ሂሳቡን የሚያጣራ ግራብ ካሎክ የሚባል ፋንክሽን ጨመሩ፣ ሞጁሎችህም እሱን መጥራት ጀመሩ። እሺ፣ ጎበዞች ናቸው። ግን ሴኪዩር ቡት በሰፊው የመጣው ከዊንዶውስ 8 ጋር እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፣ ይቺ ማሽን ደግሞ በድሮው ባዮስ የምትነሳ የ2009 ሴትዮ ናት፣ ሴኪዩር ቡት የሚባል ነገር በሕይወቷ አይታ አታውቅም። አንተ እሷን ሊይዛት ከማይችል በሽታ ላድናት ብለህ መጥተህ ነው የገደልካት። ያውም አመስግኑኝ በሚል ፊት!

መግደሉን እንኳን በወጉ አልገደልካትም። አንተ እኮ አንድ ቦታ አትቀመጥም፣ ሶስት ቦታ ነው የተበተንከው፣ ቡት ዶት አይኤምጂ የምትባለው ጭንቅላትህ የዲስኩ የመጀመሪያ ሴክተር ላይ፣ ኮር ዶት አይኤምጂ ከሷ ኋላ ባለችው ባዶ ክፍተት፣ የቀረው ሞጁልህ፣ ማለትም ሲያስፈልግህ እየጠራህ የምትጭነው ቁርጥራጭ ፕሮግራም፣ ደግሞ ቡት ስላሽ ግራብ ፎልደር ውስጥ። ኮሩና ሞጁሉ እኩል ዕድሜ ካልሆኑ አይግባቡም። አፕግሬዱ ሲመጣ ሞጁሎቹን በሙሉ አዲስ አረካቸው፣ አዲሱን ኮር ግን የት ወስደህ ጻፍከው? 500ው ላይ። ባዮሱ የሚነሳው ከየትኛው ነው? ከ250ው። ድግሱን እዚህ ደግሶ ሙሽራዋን ጎረቤት ቤት አስገብቶ የሄደ ሚዜ ነው የሆንክብኝ፣ እዚህ ያለችው አሮጌዋ ኮር አዲሶቹን ሞጁሎች ስትቀበል "ካሎክ የታለ?" ሲሏት ምን ትበል፣ ሰምታው አታውቅም።

ለምን እንዲህ ሆነ ካልክ ደግሞ ግራብ ፒሲ የሚባለው ፓኬጅህ ድሮ "የትኛው ዲስክ ላይ ልጻፍ?" ብሎ የተመለሰለትን መልስ ይዞ ነው የሚኖረው፣ ያ ዲስክ እስካለ ድረስ ደግሞ አይጠይቅም። መልሱ 500ው ነበር። በመሃል የሲሞስ ባትሪዋ ሞተች፣ ያቺ ሲአር 2032 የምትባለው ባለ 3 ቮልት ሳንቲም፣ እና መብራት በሄደ ቁጥር ባዮሱ ሁሉን ረስቶ ወደ ፋብሪካ ሴቲንጉ ይመለሳል፣ የዲስኩ ተራ ተገለበጠና 250ው ቀድሞ መነሳት ጀመረ። እሱም ላይ የድሮ ኮር ስለነበረና ያኔ ሁሉም እኩል ዕድሜ ስለነበሩ ሜኑው እንደወትሮው መጣ፣ ማንም ልብ አላለም። (ሰዓቱ በየጠዋቱ ዓመታት ወደ ኋላ የሚሄድ ኮምፒውተር ያላችሁ ሰዎች፣ ሰዓቱን ከማስተካከል ባትሪዋን ቀይሯት፣ አደራ።) በደሴ መብራት ላይ ደግሞ የሞተች ባትሪ ስትጨመር ምን እንደሚሆን አስበው።

ቆይ ገና አልጨረስኩም። ኢንተርኔቱ ላይ ስላንተ ያለው ምክር ሁሉ አንድ ነው። ኤልኤስ በል፣ ፓርቲሽኑን (ሊኑክሱ ያለበትን የዲስክ ክፍል) ፈልግ፣ ሴት ፕሪፊክስ ብለህ ወደ ቡት ስላሽ ግራብ መንገዱን ስጠው፣ ኢንስሞድ ኖርማል፣ ከዛ ኖርማል፣ አለቀ። ይሄ መድሃኒት መንገድ ሲጠፋብህ ይሰራል፣ አልክድም። እዚህ ግን መንገዱ መች ጠፋህና፣ ፎልደሩን አግኝተኸዋል፣ ኖርማል የተባለውን ሞጁል አንስተኸዋል፣ ካሎክ አምጡ እያለ የሚጮኸው ራሱ ኖርማል ነው! ቀኑን ሙሉ ፕሪፊክስ ብጽፍልህ የምትመልስልኝ ያችኑ ኤረር ነው። እዛች ሬስኪዩ ውስጥ ደግሞ የምታውቃት ትእዛዝ ሴት፣ አንሴት፣ ኤልኤስ፣ ኢንስሞድ፣ በቃ፣ ሄልፕ ቢሉህ እንኳን አታውቀውም።

በዚህ መሃል ሰው ተሰበሰበ። እዚህ ከተማ የኮምፒውተር በሽታ ሁሉ መድሃኒቱ ፎርማት ነው፣ ፕሪንተር ወረቀት ቢነክስ ፎርማት፣ ማውስ ቢደርቅ ፎርማት። "ፎርማት አርገው ምን ያስጨንቅሃል" ይለኛል ለላሚኔሽን የመጣ ልጅ፣ የስንት ዓመት ውልና ማመልከቻና ሲቪ ያለበትን ዲስክ። ባለቤቷ ደግሞ ቡናውን አቅርባ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ላይ ደርሰናል፣ "ዱዓ እናርግበት እንዴ?" አለች፣ ግማሽ ቀልድ ግማሽ እውነት። አሚን ለማለት ዝግጁ ነበርኩ።

መፍትሄው ግን ራስህ ጋ ነበር፣ የሚያናድደኝም ይሄ ነው። አዲሱን ኮር 500ው ላይ ጽፈኸው የለ? ኤፍ 2 ብዬ ባዮስ ገባሁና 500ውን ከ250ው ፊት አመጣሁት፣ ሴቭ፣ ኤግዚት፣ ሜኑው ምንም እንዳልተፈጠረ ብቅ አለ። ፍላሽ የለ፣ ፎርማት የለ። ሊኑክስ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ዲፒኬጂ ሪኮንፊገር ግራብ ፒሲ ብዬ ያንን የድሮ ጥያቄህን ደግመህ እንድትጠይቅ አረኩህና ሁለቱንም ዲስክ በስፔስ ባር ምልክት አረኩባቸው፣ ዲስኩን እንጂ ፓርቲሽኑን አይደለም፣ ኤስዲኤ (ሙሉ ዲስኩ) እንጂ ኤስዲኤ 1 (አንዱ ክፍሉ) አይደለም፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚስተው። አሁን ባዮሱ በፈለገው በኩል ይነሳ፣ ሁለቱም ላይ እኩል ዕድሜ ያለህ አንተ ነህ። ሁለተኛ ዲስክ የሌለው ሰው ደግሞ በላይቭ ፍላሽ (ሳይጫን ከፍላሽ በሚነሳ ሊኑክስ) ተነስቶ፣ የሊኑክሱን ፓርቲሽን ማውንት አርጎ፣ ችሩት በሚባለው ትእዛዝ ዲስኩ ላይ ወዳለው ሊኑክስ ገብቶ ግራብ ኢንስቶል ይበል፣ ያው ነው። የአባባ ይግባኝም ተጻፈ፣ ሲወጡ "ፋይሉ ተገኘ?" ብለው ጠይቀውኝ ነው የሄዱት።

ይሄ የደሴው ነው። የኮምቦልቻውን ደግሞ ረሳሁት እንዳይመስልህ። እዛ አንድ መጋዘን ውስጥ በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ፓርቲሽን የተደረገ ዲስክ አለ፣ ስቶካቸው በሙሉ እሱ ላይ ነው። ያኔ የመጀመሪያው ፓርቲሽን የሚጀምረው ከ63ኛው ሴክተር ነበር፣ የዛሬ ዲስክ ከ2048ኛው ነው። ስለዚህ ለኮርህ የተረፈችህ ክፍተት 62 ሴክተር፣ 31 ሺህ 744 ባይት ናት። ከፊት ያለችው የመጀመሪያዋ ሴክተር ደግሞ 512 ባይት ሆና ለኮድህ የምትደርስህ 446ቷ ናት፣ 64ቱ የፓርቲሽን ሰንጠረዥ፣ 2ቱ ማህተም። አንድ የአማርኛ ቴክስት 140 ባይት ነው፣ ሶስት ቴክስት ትንሽ ፈቅ ያለች ቦታ ላይ ነው ይሄን ሁሉ ጉራ የምትነዛው። ድሮ በዚያች ክፍተት ተጣጥፈህ አርፈህ ትኖር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ሥሪት 2.06 ሲመጣ ግን ትንንሽ ክፍተት ላይ መኖር ቀረ ብለህ አወጅክ፣ እና የመጋዘኑን ሰውዬ "ኢምቤዲንግ ኤሪያህ ከተለመደው ውጭ ጠባብ ነው፣ ኮር አይገባበትም" አልከው። ሰውዬው የገባው መጋዘኑ ጠቦሃል እንደተባለ ነው፣ ተቆጣ፣ ልክም ነው። መውጫው ፋይሉን ሌላ ቦታ ገልብጦ በላይቭ ፍላሽ ጂፓርቴድ የሚባለውን የፓርቲሽን ማስተካከያ ከፍቶ የመጀመሪያውን ፓርቲሽን ወደፊት መግፋት ነው፣ ሰዓታት የሚፈጅ ስራ ነው፣ ዩፒኤስ ሳይኖርህ የምትጀምረው ከሆነ ጤናህን ተመርመር።

እዚያው 2.06 ላይ ዊንዶውስን ከሜኑ ማጥፋትህንም አውቃለሁ። ሌላ ሲስተም ፈልጎ ሜኑው ላይ የሚጨምረውን ኦኤስ ፕሮበርን አስተኝተኸው ነው፣ ኢቲሲ ዲፎልት ግራብ ላይ አንዲት መስመር ገብቶ የመከልከሉን ነገር ፎልስ ማድረግና አፕዴት ግራብ ማለት ይበቃዋል፣ ትንሽ ነገር ነች አልፌሃለሁ። ግን ዊንዶውሱ ተሰረዘ ብሎ አንድ መምህር ግማሽ ቀን ደረቱን ሲመታ ውሏል።

እንግዲህ ውሳኔያችንን ስማ። በባዮስ በሚነሱ፣ ሴኪዩር ቡት በማያውቁ የደሴና የኮምቦልቻ ማሽኖች ላይ እጄ የገባ ሁሉ አፕት ማርክ ሆልድ ተብለህ ባለህበት ትቆማለህ። ሌላው ፓኬጅ ይታደስ፣ ብራውዘሩ ይታደስ፣ አንተን የሚያንቀሳቅስህ እኔ ዩፒኤሱን ሰክቼ፣ ዲስኮቹን ቆጥሬ፣ ላይቭ ፍላሽ ኪሴ ውስጥ ይዤ ስመጣ ብቻ ነው። ይሄ አይበቃኝም ብለህ ይግባኝ ካማረህ ጽሕፈት ቤቷ ክፍት ናት፣ በገጽ ነው የምታስከፍለው።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለሲአር 2032 ባትሪ፣ ለጊዜው ሙት ስለሆነች በወራሾቿ በኩል
ለኦኤስ ፕሮበር፣ ሲነቃ እንዲደርሰው
ለላሚኔሽኑ ልጅ፣ ፎርማት የሚለውን ቃል ከመጠቀሙ በፊት እንዲያነበው