አይተኸዋል ወይስ ነግረውህ ነው?

ሐምሌ ላይ ጎንደር ውስጥ ከሰዓት በኋላ ቀጠሮ የሚይዝ ሰው ወይ እንግዳ ነው ወይ ሞኝ ነው። እኔ እንግዳ አይደለሁም። ባለፈው ሳምንት ከፒያሳ ወደ ቅዳሜ ገበያ ስወርድ ዝናቡ መንገድ ላይ ያዘኝ። ደግነቱ የጀበና ቡና የምጠጣባት ቆርቆሮ ቤት ቅርብ ነበረች። ሮጬ ገባሁ።

መብራት ጠፍቷል። ቤቱ ውስጥ የሚታየው የከሰሉ ፍምና በበሩ የሚገባው ግራጫ ብርሃን ብቻ ነው። ጡረታ የወጡት የታሪክ መምህር እንደ ወትሯቸው ጥጋቸውን ይዘዋል። ባጃጅ ነጂው ባጃጁን በላስቲክ ሸፍኖ በር ላይ አቁሟል። ክረምቱን ቤተሰብ ጋ ሊያሳልፍ ከዩኒቨርሲቲ የመጣ ልጅ ደግሞ ባትሪው ያለቀ ስልኩን ያገላብጣል። ከቡና አፍይዋ ጋር አምስት ሆንን። ሁላችንም በዓይን እንተዋወቃለን፤ ስም ተጠያይቀን ግን አናውቅም።

ነገሩን የጀመረው ልጁ ነው። "በዚህ ሳምንት 6 ፊልም አይቼ ሰባተኛው ላይ ስልኬ ሞተብኝ" አለ።

"6?" አለ ባጃጅ ነጂው። "እኔ በዓመት 6 አላይም። አትተኛም እንዴ አንተ ልጅ?"

"አንዱ እኮ 12 ደቂቃ ነው።"

መጀመሪያ አልገባንም። አብራራልን። ስልክ ላይ ተራኪዎች አሉ። የውጭውን ፊልም ቆራርጠው እያሳዩ "ሰውየው ቤቱ ሲገባ ሚስቱን አጣት፣ ከዚያ ፖሊስ መጣ፣ ለካስ ወንድሙ ነበር" እያሉ በአማርኛ ያወሩታል። ትርፍ ነገር የለም። ወሬው ሲያልቅ ፊልሙም አለቀ።

መምህሩ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። "እና ይኸን አየሁ ትላለህ?"

"አዎ ጋሼ። ታሪኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አውቀዋለሁ። 2 ሰዓት ቁጭ ብሎ ያየው ሰው ከእኔ የበለጠ ምን ያውቃል?"

"ወይ ጉድ!" አለች ቡና አፍይዋ። "የሠርግ ቪዲዮ አይቶ ሠርግ በላሁ እንደሚል ሰው ነህ።"

ባጃጅ ነጂው ከት ብሎ ሳቀ። እሱ ያደገው ቪዲዮ ቤት ነው። አግዳሚ ላይ ተደርድረው፣ ቦታ ያጣው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ፣ የህንድ ፊልም 3 ሰዓት ሙሉ ያዩ ነበር። ቋንቋው አይገባቸውም። የሚተረጉምላቸው ከፊት የሚቀመጥ አንድ ትልቅ ልጅ ነበር። እሱም ህንድኛ እንደማያውቅ የገባቸው ካደጉ በኋላ ነው። "ልጅቷ የምትዘፍነውን ከራሱ እየፈጠረ ይነግረን ነበር። ግን እንባችን እውነተኛ ነበር" አለ። "የእኛን የህንድ ፊልም በ12 ደቂቃ ብትጨርሰው ዘፈኑን ማን ይዘፍንልኛል?"

ልጁ ግን እጅ አልሰጠም። "ያንተም ልጅ ተራኪ ነበር እኮ!" አለው። ነጥብ አስቆጠረ፤ እውነቱን ለመናገር እኔም በልቤ አጨበጨብኩለት።

ከዚያ ወደ መምህሩ ዞረ። "ጋሼ፣ አንቱ ሁልጊዜ የሚያወድሱትን የኃይሌ ገሪማን ፊልም፣ ጤዛን፣ ዶርም ውስጥ ጓደኛዬ በ10 ደቂቃ ነው የተረከልኝ። አንድ ሰው ጀርመን ሄዶ ሕክምና ተማረ። በደርግ ጊዜ አገሩ ገባ፣ ብዙ ነገር አየ። በኋላ እግሩን አጥቶ ወደ እናቱ መንደር ተመለሰ። አለቀ። ይኼ 140 ደቂቃ የሚያስኬድ ነገር ነው?"

መምህሩ የክፍል ድምፃቸው መጣ። ኃይሌ ገሪማ በ1946 እ.ኤ.አ. የተወለዱት እዚሁ ጎንደር መሆኑን ነገሩን። አባታቸው ገሪማ ታፈረ ስለ አርበኞች "ጎንደሬ በጋሻው"ን የጻፉ መሆናቸውን ነገሩን። ጤዛ በ2008 እ.ኤ.አ. ቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማት እንደወሰደ፣ በዓመቱ ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ በአፍሪካ የፊልም ፌስቲቫሉ በፌስፓኮ ትልቁን የወርቅ ፈረስ እንደተቀበለ ነገሩን። ዝናቡ እንኳ ለመምህሩ ሲል ጋብ ያለ መሰለኝ።

"ጋሼ፣ እኔ የጠየቅሁት ስለ ፊልሙ ነው" አለ ልጁ፣ በትሕትና። "ስለ ሽልማቱ አልጠየቅሁም።"

ዝም ተባለ። ዝምታውን የሰበረው ይሰብረዋል ያላልነው ሰው ነው።

"እኔ ጤዛን ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ" አለ ባጃጅ ነጂው። "መጀመሪያ ያየሁት ቀን ተኝቻለሁ።"

ሳቅን። እሱ አልሳቀም። ለሁለተኛ ጊዜ ያየው እናቱ ቤት ነው። ፊልሙ ላይ የጣና ዳር ወጣቶች ከአፈሳ ሸሽተው ዋሻ ውስጥ ተደብቀዋል። ለብሔራዊ ውትድርና እንዳይወሰዱ ነው። እናቶቻቸው ከአሁን አሁን መጡባቸው እያሉ ይሳቀቃሉ። የሱ እናት ያንን ሲያዩ ቴሌቪዥኑን አቁመው አሉት። የእሳቸው ወንድም እንደዚያው ጫካ ከርሞ፣ ማታ ማታ ምግብ የምታደርስለት እሳቸው ነበሩ ለካ። ያኔ ገና ልጅ ናቸው። ለልጆቻቸው አንድም ቀን አውርተውት አያውቁም። "ከዚያ ቀጥይ አልኳት፤ ፊልሙም ቀጠለ፣ እሷም ቀጠለች" አለ። "መቼ እንደነጋ እንጃ። ያንተ ጓደኛ ዋሻውን ነግሮሃል?"

"አልነገረኝም" አለ ልጁ።

"አየህ፤ ለሱ ትርፍ ነገር ነው።"

ቡና አፍይዋ በዚህ መሐል ወደ መምህሩ ዞራ፣ "አንቱስ የትኛውን ቦታ ነው የወደዱት?" አለቻቸው። መምህሩ ትንሽ አሰቡ። ጢማቸውን አሻሹ። "ልዋሽ አልችልም፣ መሐሉ ላይ እኔም አሸልቤያለሁ" አሉ። ያን ቀን ከሰው ሁሉ የወደድኳቸው በዚህች ንግግራቸው ነው።

ሁለተኛው ሲኒ ተቀዳ። ጤና አዳሙን ልጁ አልፈልግም ብሎ አወጣ፤ ዘንድሮ ወጣቱ ምን እንደነካው እንጃ።

ተራው የሴትየዋ ሆነ። ልጇ በፍላሽ አምጥቶላት የያሬድ ዘለቀን ላምብ አይታለች። መምህሩ ጣልቃ ገብተው፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ለይፋዊው ምርጫ የበቃ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም እሱ ነው አሉ። እሷ አልሰማቻቸውም፤ ወይም ሰምታ አለፈቻቸው። "እናቱ የሞተችበት ትንሽ ልጅ ነው" አለች። "ያለው አንድ በግ ነው። አባቱ ዘመድ ቤት ጥሎት አዲስ አበባ ሥራ ፍለጋ ይሄዳል። አጎቱ ደግሞ በጉን ለበዓል አርደዋለሁ ይላል።"

"በግ ለበዓል ካልታረደ ለምን ይታረዳል?" አለ ባጃጅ ነጂው።

"ዝም በል አንተ! ልጁ እኮ ወጥ ሠሪ ነው። ሳንቡሳ ጠብሶ ገበያ እየሸጠ የመሳፈሪያ ያጠራቅማል። አጎቱ 'ወንድ ልጅ ማጀት ገብቶ!' ብሎ ይቆጣል። የኔው ጎረምሳ ካየው ወዲህ ሽንኩርት ይልጥልኛል፤ እስኪሰለቸው ድረስ ነው መቼም። መጨረሻውን ግን አልነግራችሁም።"

ልጁ ይኸን ሲጠብቅ የነበረ ይመስላል። "ይኸውልሽ እታለም! አንቺ ራስሽ በ2 ደቂቃ ነገርሽን። ሁላችንም ገባን። እኔን ለምን ትወቅሱኛላችሁ?"

ሴትየዋ ጀበናውን ይዛ ቆመች። "ነገርኳችሁ እንጂ" አለች፣ "መች አለቀሳችሁ?"

ለዚህ መልስ ያገኘ ሰው የለም።

ልጁ ግን መሸነፍ አያውቅም። ስለ አማርኛ ፊልሞች አነሳ፤ እዚህ ላይ ሁላችንም ከሱ ጋር ወገንን። አንድ ሰው መኪና ይነዳል። ካሜራው መኪናውን ከፊት ያሳየናል፣ ከኋላ ያሳየናል፣ ጎማውን ያሳየናል። ሆቴል ይደርሳል። ይወርዳል። ሎቢውን እናያለን። ስልክ ይደወልለታል፣ "እየመጣሁ ነው" ይላል። ተመልሶ መኪና ይነዳል። "ይኼን በ12 ደቂቃ ቢተርኩልኝ ምን ይጎድልብኛል?" አለ። ባጃጅ ነጂው የመኪናው ባለቤት ፊልሙን ሳይደግፍ አይቀርም ብሎ ጠረጠረ።

መምህሩ ብቻ ተቃወሙ። ሁሉንም በአንድ ሙቀጫ አትውቀጡ ብለው የሞገስ ታፈሰን ቁራኛዬን ጠቀሱ። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ፊልም ነው። ታሪኩ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት ተቆራኝተው ወደ ንጉሥ ችሎት በእግራቸው ይጓዛሉ። እዚህ ላይ መምህሩ እውነተኛ መምህር ሆኑ። ቁራኛ የቀድሞ የዳኝነት ሥርዓት ነው አሉን። ሰንሰለት ባይኖር የሁለቱ ነጠላ ጫፍና ጫፉ ይቋጠራል። ሁለቱ ጠበኞች ዳኛ ፊት እስኪደርሱ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ዛሬ "የአልጋ ቁራኛ" ስንል ያንን ነው የምናነሳው፤ በሽተኛው ከአልጋው ጋር ተቋጥሯል ማለታችን ነው። እኔ ይኸን ቃል ዕድሜዬን ሙሉ ስናገረው እንዲህ ብዬ አስቤው አላውቅም ነበር።

"እሱንማ ሙሉውን አይቼዋለሁ" አለ ልጁ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"ለምን አላስተረክኸውም?" አለ ባጃጅ ነጂው።

"ንግግሩ ደስ ስለሚል ነዋ። ሰምና ወርቁ እንዴት ይተረካል?"

ባጃጅ ነጂው ሌላ አልጨመረም። ቅንድቡን ብቻ ወደኛ ከፍ አደረገ።

ከዚያ ወሬው ተበታተነ። ቡና አፍይዋ ቃና ላይ የምትከታተለውን የቱርክ ተከታታይ ድራማ አነሳች። ወር አልፎ ወር ይተካል፤ እሱን ረዘመ የሚል የለም። ማታ ማታ 1 ሰዓት ይሰጠዋል። ጤዛ ሲሆን 140 ደቂቃ ያንገበግበናል። መምህሩ ደግሞ ፒያሳ ያለውን የጣሊያን ዘመን ሲኒማ ቤት አስታወሱ። በጨለማ ከማታውቀው ሰው ጋር ተደርድረህ ስትስቅ አዝራር ተጭነህ ማሳለፍ የለም አሉ። ተኝተውም ቢሆን ሰው ሲስቅ ይነቁ ነበር።

እኔ እስካሁን ዝም ብዬ ቡናዬን እየጠጣሁ ነበር። "አንተስ?" ሲሉኝ ሣቄን ለቀቅሁትና አመለጥኩ። እዚህ ግን ማምለጫ የለኝምና ፍርዴን ልናገር።

ልጁ በግማሹ ልክ ነው። ዘንድሮ ካየኋቸው ፊልሞች ግማሾቹ ቢተረኩልኝ ምንም አልከስርም ነበር፤ እንዲያውም ዳታዬ ይተርፍልኝ ነበር። መለኪያው ራሱ መጥፎ አይደለም። ተተርኮ ምንም ያልጎደለበት ፊልም ጥፋቱ የተራኪው አይደለም፣ የአዘጋጁ ነው። የልጁ ስሕተት መለኪያውን ፊልሙን ሳያይ ማውጣቱ ነው። ቁራኛዬን በራሱ ዓይን ባያይ ኖሮ፣ የማይተረክ ነገር መኖሩንም ባላወቀ።

መምህሩንም አልምርም። የቬኒስና የዋጋዱጉ ሽልማት መቁጠር የ12 ደቂቃው ትረካ ታላቅ ወንድም ነው። ሌላ ሰው አይቶ ፈርዶልሃል፤ አንተ ፍርዱን ትደግማለህ። ማሸለባቸውን ሲናገሩ ግን ስለ ፊልሙ የመጀመሪያውን የራሳቸውን ቃል ተናገሩ። ጤዛ ያስቸግራል። እኔ በላፕቶፕ በ3 ሌሊት ነው የጨረስኩት። ጊዜው ወደፊትና ወደኋላ ሲመላለስ ሁለቴ ጠፍቶብኝ መልሼዋለሁ። የጀርመኑ ክፍል ላይ ተማሪዎቹ ሲከራከሩ ሰው ሳይሆን በራሪ ወረቀት የሚናገር ይመስለኛል። ያ ትውልድ እንዲያ ይናገር ነበር ትሉኝ ይሆናል። ይሁን፤ እኔን ግን ደክሞኛል። መንደሩ ሲመጣ፣ እናትየው ዝም ብላ ልጇን ስታየው፣ ያን ሁሉ ረሳሁት።

ከሁሉ ይልቅ የማምነው ባጃጅ ነጂውን ነው። ተኛ፣ መተኛቱን አልደበቀም፣ ደግሞ አየው። ቤቱ ውስጥ ለዓመታት የተዘጋ አንድ አፍ ተከፈተለት። ፊልሙ ጥሩ ይሁን መጥፎ እንኳ አልነገረንም።

ዝናቡ 11 ሰዓት ላይ አባራ። ልጁ ከሴትየዋ ላምብን በፍላሽ ተውሶ ወጣ። ትናንት አራዳ አግኝቼው የት እንደደረሰ ጠየቅሁት። "መብራት ሄዶብኝ አቆምኩ፤ አጎቱ በጉን ሊያርደው እየዛተ ነው" አለኝ። "እንዳትጨነቅ፣ መጨረሻው ላይ..." ብዬ ስጀምር ሁለት ጆሮውን በሁለት እጁ ያዘ።